ላንጋሬ ላለመባል

ሀርጌሳ ውስጥ እናትና አባት የሚያወጡት ስም ለፓስፖርት ነው። ሰው የሚጠራበትን ስም የሚያወጣው ሰፈሩ ነው፤ ሰፈር ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ፀጉሩ የሸሸውን «ቢዳር» ይለዋል፣ መላጣው ማለት ነው። ግራኙን «ጉሬ» ይለዋል። እግሩን የሚያነክሰውን «ላንጋሬ» ይለዋል። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ባለቤቱ ራሱ ሲጠሩት «አቤት» ይላል፣ ስልክ ሲደውልም በዚያው ስም ነው ራሱን የሚያስተዋውቀው። ችግሩ ስሙ አንዴ ከተለጠፈ በሳሙናም በዱዓም አይለቅም። ቢሮዬ ውስጥ አያቱ ያነክሱ የነበረ ባልደረባ አለኝ። የሱ እግር ሰላም ነው፣ ደረጃውን እየዘለለ ይወጣል፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ «የላንጋሬ ቤት ልጅ» እያለ ነው የሚጠቁመው።

እኔ እዚህ ተወልጄ ድሬዳዋ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ ትራንዚት ነው፤ ወደብ ደርሶ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ዕቃ ወረቀቱን እጨርሳለሁ። ቢሮዬ ዋሄን ገበያ ጥግ ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሰው ያየኛል። ይህም ሆኖ ስም ሳይወጣልኝ ኖሬያለሁ። ቁመቴ መካከለኛ ነው፣ ጆሮዬ መካከለኛ ነው፣ ሆዴም ቢሆን በጃኬት የሚሸፈን ነው። ሰፈሩ ስንት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ፣ ስም የሚንጠለጠልበት ቦታ አጥቶ አልፎኛል። በዚህ ነገር ምን ያህል እኮራ እንደነበር ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለናንተ ግን ልናገር፣ በጣም እኮራ ነበር። ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ።

ነገሩ የጀመረው ደረጃ ስወርድ ነው። ግራ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ከረምኩ። እየባሰ ሲሄድ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ ዝም አለ። ሐኪም ራጅ ይዞ ዝም ሲል ሰው የሠራው ኃጢአት ሁሉ ነው ትዝ የሚለው። በመጨረሻ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልም አጥንት አልቋል፣ አሁን አጥንት ከአጥንት ጋር ነው የሚፋጨው አለኝ።

«አዴር፣ ስፖርት ይሠራሉ?» ሲል ጠየቀኝ። አዴር ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ እዚህ ወጣት ሽማግሌን የሚጠራው እንዲያ ነው።

«ኳስ እጫወታለሁ።»

«ይጫወቱ ነበር» ብሎ አረመኝ።

ከዚያ ደግሞ ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ መራመድ እችላለሁ፣ ዋና ደግሞ ለጉልበት ወደር የለውም አለኝ። ዋና! ሀርጌሳ! የኛ ወንዝ ዝናብ ካልጣለ በቀር አሸዋ ነው፤ መኪና ያልፍበታል፣ ፍየል ይተኛበታል። እኛ ገላችንን የምንታጠበው ቦቴ በሚያመጣው ውሃ ነው፤ እሱንም በጣሳ እየቆጠብን። ሐኪሙ ይህን ያጣዋል ብዬ አላምንም፣ እሱም የሚታጠበው እንደኔው ነው። ግን ትምህርቱን የተማረው መዋኛ ያለበት አገር ስለሆነ፣ ምክሩንም ከዚያው አምጥቶታል።

ሚስቴ ነኢማ ስትሰማ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «አልሐምዱሊላህ! ያ ኳስ ከመጀመሪያውም ጣውንቴ ነበር። ይኸው ሐኪም ፈረደልኝ» አለች። ድሬ ስንጋባ የሠርጋችን ዕለት ረፋዱን ኳስ ስጫወት ቆይቼ አርፍጄ መምጣቴን እስካሁን አልረሳችውም። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «በቃ፣ ከእንግዲህ ጁምዓ ጁምዓ ሜዳ የምሄደው ለማየትና ለመምከር ብቻ ነው» አልኳት። አየችኝና ዝም አለች። የነኢማ ዝምታ ማመን እንዳይመስላችሁ።

አሁን ስለ ቡድናችን ልንገራችሁ። ከአየር ማረፊያው አጠገብ፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ድንጋያማ ሜዳ አለ። ጁምዓ ጠዋት ጠዋት እዚያ እንጫወታለን። ሁላችንም ኢትዮጵያ ያደግን ነን፤ ድሬ፣ ጅግጅጋ፣ ሐረር፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ። ስማችን «የድሬ ልጆች» ነው። የዚህ ቡድን ልጆች ጢማቸውን ሒና የሚቀቡ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ልጆች ናቸው። አምበላችን ሙክታር ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። እኔና እሱ ድሬ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በካልሲ ኳስ አብረን ያደግን ነን። ድምፁ ትልቅ ነው። አእምሮውም ትልቅ ነው ብዬ ብጨምርለት ደስ ይለኝ ነበር።

ቡድናችን አንድ ጥበብ አለው፤ ቢያንስ ጥበብ ይመስለን ነበር። ሜዳ ላይ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። ተጋጣሚዎቻችን በሶማልኛ ሲጯጯሁ እያንዳንዱን ነገር እንሰማለን፤ እኛ ደግሞ «ከኋላው ሂድ!»፣ «ያ ረጅሙ ዞሮ አያይም፣ በሱ በኩል!» እያልን ዓይናቸው እያየ እንመክርባቸዋለን። ቀስ በቀስ ግን ዘዴው ከኳስ አልፎ ወደ ጤና ዞረ። በረኛችን ስኳር አለበት። የመሀል ተከላካያችን ግፊት አለበት። ቀኝ መስመር ላይ ያለው ወዳጃችን ደግሞ ስሙን የማልጠራው የመቀመጫ ሕመም አለበት። እንግዲህ ሙክታር ከመሀል ሜዳ ሆኖ «በረኛው መርፌውን አልተወጋም፣ ኳስ አታብዙበት!» እያለ ይጮኻል። «ግፊቱ ሳይነሳ ውሃ ስጡት!» ይላል። የቡድናችን ሕመም ሁሉ በአማርኛ፣ በአደባባይ፣ በሙሉ ድምፅ ይታወጃል። ማን ይሰማናል?

ለምን እንዲህ እንጠነቀቃለን ካላችሁ፣ በታክሲዎቹ ምክንያት ነው። የአየር ማረፊያው ታክሲ ነጂዎች አውሮፕላን እስኪያርፍ ሥራ የላቸውም፤ ስለዚህ ሜዳው ዳር ተደርድረው ያዩናል። የከተማው ስም አውጪዎች እነሱ ናቸው። አንድ ጁምዓ ሙክታር ኳስ በጭንቅላቱ ሲመታ ኮፍያው ወደቀ። ኮፍያውን አንስቶ እስኪያደርግ «ቢዳር» ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን መንገደኞች ሆቴላቸው ሳይደርሱ፣ ዋሄን ያሉ ገንዘብ መንዛሪዎች «ቢዳር እንዴት አደርክ» ይሉት ጀመር። እስከ ዛሬ ኮፍያ ያደርጋል፤ ስሙ ግን በኮፍያው ላይ ነው የተቀመጠው።

ስለዚህ እኔ ከሞት ቀጥሎ የምፈራው እነዚያ ታክሲ ነጂዎች ሳነክስ እንዳያዩኝ ነው። ኳስ ማቆም ደግሞ አልቻልኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሰው የሚፈልገኝ ለወረቀት ነው፣ ማኅተም ለማስመታት፣ ፊርማ ለማስፈረም። ጁምዓ ጠዋት ግን አንድ ሰው ከሜዳው ወዲያ ጫፍ ስሜን ጠርቶ ኳስ ይሰጠኛል። ያ ነገር ከቀረብኝ ምን እንደምሆን ማሰብ ያስፈራኝ ነበር። ለቡድኑ «ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል» አልኩ እንጂ እንደማይታጠፍ አልነገርኳቸውም፤ ቢያውቁ ማልያዬን ለሌላ ይሰጡብኛል።

ከዚያ ብልሃት ማፍራት ጀመርኩ። ማልያና ታኬታዬ ሙክታር ሱቅ ውስጥ፣ ከመኪና ፍሬን ሸራ አጠገብ፣ ያድራሉ። («ኳስ እያየህ ነው ወይስ ሞተር እያወረድክ?» ትለኛለች ነኢማ፣ ሸሚዜን እያሸተተች።) ጉልበቴን በፋሻ ጠቅልዬ ካልሲውን እላዩ ላይ እስበዋለሁ። ከሚኒባስ ስወርድ ማንም እንዳያየኝ ከሁሉም ቀድሜ እደርሳለሁ። ጨዋታ ሲጀመር አልሮጥም፤ እጠቁማለሁ። ኳስ ወዲህ ሲመጣ ወዲያ እጠቁማለሁ፣ ወዲያ ሲሄድ ወዲህ። ሕመሙ ሲጠናብኝ ጫማው ውስጥ ጠጠር እንደገባበት ሰው እግሬን አራግፋለሁ። በዚያ ሜዳ ላይ ያለው ጠጠር ሁሉ እኔ ጫማ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። ታክሲዎቹም አንድ ቀን «ያ ሰውዬ ያስባል» ሲሉ ሰማሁ። ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ጨዋታው አልነበረም፤ ሶላቱ ነው። ጉልበቴ ስለማይታጠፍ መሬት ላይ መስገድ አቃተኝ። ሸሪዓው ለታመመ ሰው ያቀልላል፣ ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ይቻላል። በየመስጊዱ ሽማግሌዎች ወንበር ላይ ይሰግዳሉ፣ ምንም ነውር የለውም። ለኔ ግን ነበረው። ከጨዋታ በኋላ ቡድኑ በሙሉ ታጥቦ ጁምዓ የሚሰግደው ሜዳው አጠገብ ያለው መስጊድ ነው፤ ታክሲ ነጂዎቹም እዚያው። በሰፈሬ መስጊድ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ አለ። ስለዚህ ጨዋታው እንዳለቀ «ሼክ ኑር ሰፈር ያሉት ኢማም ኹጥባቸው፣ ስብከታቸው፣ ልብ ይነካል» ብዬ ሚኒባስ ይዤ እጠፋለሁ። ሼክ ኑር ከከተማው ዳር ነው፤ ተፈናቃይ፣ ስደተኛ፣ አዲስ የመጣ ሰው የሚበዛበት ሰፈር፤ ማንም አያውቀኝም። እዚያ መስጊድ አንድ ሰው አለ፤ ገና ከበር ስገባ አይቶኝ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ያመጣና «ፈዲሶ፣ አዴር» ይለኛል። ተቀመጥ፣ አጎቴ ማለቱ ነው። እኔም «ጀዛከላህ» ብዬ እቀመጣለሁ። ፊቱን አይቼው አላውቅም። ያፈረ ሰው የሚያየው የወንበሩን እግር ነው።

ይህ ነገር ሌላ ጣጣ አመጣ፤ አላህን የምፈራ ሰው መሰልኩ። «ማሻአላህ፣ ይኼ ሰው ለኹጥባ ብሎ ከተማ አቋርጦ ይሄዳል!» ይላል ሙክታር። በረኛችን ዱዓ አድርግልኝ ብሎ ለመነኝ። ነኢማ ሳትቀር ለእናቷ ስልክ ደውላ «ተለውጧል» ስትል ሰምቻለሁ። አስተግፊሩላህ እያልኩ ሁሉንም ተቀበልኩ፤ ከሁሉ የሚገርመኝ ጥቂት ቆይቼ እኔም ማመን መጀመሬ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ከሼክ ኑር ቡድን ጋር ግጥሚያ ተያዘ። ያን ዕለት በግራ ተመላላሽነት ገባሁ። ከፊቴ የተሰለፈው የክንፍ ተጫዋች ረጅም፣ ጢሙ ጥቁር፣ የሠላሳዎቹ ሰው ነው። ሰኢድ ይሉታል። ኳሱን ይዞ ሲመጣ ይኼ ሰው ዛሬ ያዋርደኛል አልኩ። እኔ ዘንድ ሊደርስ ሲል ግን ፍጥነቱን ቀነሰ፣ አየኝ፣ ዞሮ ወደ መሀል ሄደ። እንደገና መጣ፤ እንደገና አየኝ፣ እንደገና ዞረ። አንድ ጊዜማ ኳሱን እኔ እግር ላይ ትቶልኝ ሄደ! ግማሽ ጊዜ እስኪደርስ በኔ በኩል አንድም ሰው አላለፈም።

ዕረፍት ላይ ሜዳው ዳር ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ እኔ እንኳ ቆሜ ነው፣ ከተቀመጥኩ አልነሳማ። «አያችሁት?» አልኩ ውሃውን እየተጎነጨሁ። «ዓይኔን ሲያይ ይሸሻል። ልምድ እኮ በሩጫ አይደለም፣ በአቋቋም ነው።»

«ወላሂ ፈርቶሃል» አለ ሙክታር። «እኔም እያየሁት ነበር።»

«በሁለተኛው አጋማሽ ወደፊት ልውጣበት?»

ከባለ ግፊቱ በቀር ሁሉም «ውጣበት!» አሉ። ሰው ሲወድቅ የሚገፉት ጠላቶቹ ናቸው ያላችሁ ማን ነው? እኔን የገፉኝ አብሬያቸው ኳስ ያሳደድኩ ወዳጆቼ ናቸው፣ ከነጭብጨባቸው።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ኳስ ደረሰኝ። ሰኢድ ፊቴ ቆሟል፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ሊነጥቀኝም አልፈለገም። ታክሲዎቹ ያያሉ። ያኔ ሰይጣን ይሁን ደቻቱ አላውቅም፣ አንድ ነገር ጆሮዬ ሥር «አብዶ ሥራበት» አለኝ። በልጅነቴ የታወቅኩባት አንዲት አብዶ አለች፤ ኳሱን በእግር ሥር ስቦ፣ በዚያው እግር ላይ መዞር። ሳብኩት። ዞርኩ። ኳሱ ዞረ፣ ትከሻዬ ዞረ፣ ወገቤም ዞረ። ጉልበቴ ግን ባለበት ቀረ።

መሬት ላይ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። እግሬ ተዘርግቶ አልታጠፍ ብሏል። የተሰማኝ ሕመም ቀልድ አይደለም፤ ዓይኔ ውሃ ሞላ። ግን ታክሲዎቹ አንገታቸውን አስግገው እያዩኝ ነው። ስለዚህ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የታሰረ የጫማ ክሬን ፈትቼ ማሰር ጀመርኩ። አሰርኩት፣ አልወደድኩትም፣ ፈታሁት፣ እንደገና አሰርኩት። ጨዋታው ቆሟል። ዳኛው ሰዓቱን እያየ ነው። እኔ ክር እያሰርኩ ነው።

ያኔ ሙክታር፣ አላህ ይይለት፣ ከመሀል ሜዳ ሆኖ በዚያ ድምፁ ጮኸ። «ክበቡት! ጉልበቱ ነው የሄደው! ማነከሱን ታክሲዎቹ እንዳያዩት ክበቡትና ደግፋችሁ አውጡት! ማንም ሰው እንዳያውቅ!»

ሰኢድ ሙክታርን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ወደ ሜዳው ዳር ሄደ። እዚያ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ዘንድ ደርሶ አንድ ነገር ጠየቃት። ሲመለስ እጁ ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ሜዳው ሁሉ እያየው መጥቶ፣ ከፊቴ አስቀመጠውና አቧራውን በእጁ ጠረገልኝ።

«ፈዲሶ፣ አዴር» አለ።

ያን ድምፅ አወቅኩት። ቀና ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየሁ። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!

እሱ ደግሞ አልጨረሰም። ጥርት ባለ አማርኛ «ጋሼ፣ አይፈሩ፣ ማንም አይስቅብዎትም» አለኝ። «በየጁምዓው መስጊድ የማቀርብልዎት ወንበር ይኸውና እዚህም መጣልዎት ብለው ይቀመጡ። እኔ ዛሬ ተሰልፈው ሳይዎት ደንግጬ፣ እንዳልነካዎት ስሸሽ ነው የዋልኩት።»

የሸሸኝ ለካ አዝኖልኝ ነው። የደነገጥኩት ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም። በረኛችን ከግቡ ወጥቶ መጣ። «አንተ... አማርኛ ትሰማለህ?» አለው።

«ጅግጅጋ ነው የተማርኩት» አለ ሰኢድ። «ከቡድናችን ግማሹ ይሰማል። ለነገሩ ዛሬ መርፌውን ተወጋህ?»

በረኛው ገረጣ። ባለ ግፊቱ ደረቱን ያዘ። የቀኝ መስመሩ ወዳጃችን ማልያውን ወደ ኋላው ጎተት አድርጎ ሸፈነ። እስካሁን ስንት ዓመት ከስንት ቡድን ጋር ተጫውተን፣ ስንቱን ገመናችንን ስንለፍፍ ኖረናል? ሀርጌሳ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው የለም ብለን ያመንነው እኛ ራሳችን አማርኛ የምንሰማ የሀርጌሳ ሰዎች ነን። ይህን ያህል ጅል መሆን በቡድን ካልሆነ ለአንድ ሰው አይቻልም።

ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ላድርግ፣ እግሬ አማራጭ አልሰጠኝም። ወንበሩ ላይ እንደተደላደልኩ ከታክሲዎቹ መካከል አንድ ድምፅ «ኩርሲሌ!» አለ። ባለ ወንበሩ ማለት ነው። ሌላው ተቀበለው። ሦስተኛው ጥሩምባ ጨመረበት። አዲሱን ስም ሁሉም በአንድ አፍ አጸደቀው። ላንጋሬ እንዳልባል ስሸሽ፣ ማንም ሰው በዚህች ከተማ ተሰጥቶት የማያውቅ ስም ይዤ ተገኘሁ። ላንጋሬዎች ብዙ ናቸው፤ ኩርሲሌ እኔ ብቻ ነኝ።

«ለካ ኢማን አይደለም፣ ወንበር ፍለጋ ነው ሼክ ኑር የሚያመላልስህ!» አለኝ ሙክታር፣ ደግፎ እያወጣኝ። እንደ ተካደ ሰው ነበር የሚያየኝ፤ ከሁሉ ያ አስተያየቱ ነው ያናደደኝ።

ቤት ገብቼ ለነኢማ «ደረጃ ላይ አዳለጠኝ» አልኳት። በረዶ አሰረችልኝ። አመሻሹ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ አትክልት ልትገዛ ዋሄን ወጣች። ስትመለስ ዘንቢሉን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ ሻሿን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመችና በልጃችን ስም ጠራችኝ።

«የሰሚር አባት።»

«አቤት።»

«ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ዛሬ ምን ብላ ጠራችኝ መሰለህ? የኩርሲሌ ሚስት። እኔ! ኸረ ያ አላህ፣ አንተ ስትወድቅ እኔን ምን ጎተተኝ?»

እሷ ሁሉንም ሰምታለች፤ አብዶውን፣ ክሩን፣ ሼክ ኑርን፣ ወንበሩን። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። ለአላህ በወንበር፣ ለኳስ በሩጫ?»

እናንተዬ፣ ሐኪሙ ራጅ ይዞ ያላሳየኝን እሷ በዚያች ቃል አሳየችኝ። እዚያው በረዶዬን ይዤ አፈርኩ። ከሰው ሳይሆን ከራሴ አፈርኩ፤ ይህ ደግሞ ለኔ አዲስ ነገር ነበር።

ቀጥሎ በመጣው ጁምዓ ሜዳ አልሄድኩም። በሰፈሬ መስጊድ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየኝ፣ ወንበር ጠይቄ ሰገድኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ያን ሁሉ ጊዜ ሚኒባስ ለሚኒባስ የተንከራተትኩት ለምን ነበር? ከዚያ በኋላ ያሉትን ጁምዓዎች ቤት ዋልኩ። የሰፈር ልጆች ከግቢያችን ውጪ ኳስ ሲለጉ እሰማለሁ፤ ኳሷ ግድግዳችንን በመታች ቁጥር አንገቴን ወደ በሩ አሰግጋለሁ። አልደብቃችሁም፣ አንድ ጊዜ አልቅሻለሁ። ነኢማ አይታኛለች፣ ግን ያላየች መስላ ወጥ ማማሰሏን ቀጠለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሙክታርና ሰኢድ ናቸው። ሙክታር ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞታል፤ እሱ ኮፍያ አወለቀ ማለት ትልቅ ጉዳይ አለው ማለት ነው።

«ነኢማ፣ እህቴ፣ ባልሽን ለኳስ ልንለምንሽ ነው የመጣን» አለ።

«ሐኪሙ የሚለውን ትሰማላችሁ ወይስ በአማርኛ ስላልተነገራችሁ አልገባችሁም?»

ሙክታር አቀረቀረ። ነገሩን ያስረዳት ሰኢድ ነው። «እትዬ፣ ሩጫ የለበትም። ሁለቱ ቡድኖች ተነጋግረናል። እሱ ሜዳው ዳር ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ኳስ ከመስመር ስትወጣ ተነስቶ የእጅ ውርወራውን ብቻ ይወረውራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። የእጅ ውርወራ ሕጉ ራሱ እግር ከመሬት እንዲነሳ አይፈቅድም። ሁለቱም እግር መሬት ካልነካ ጥፋት ነው፣ ዳኛው ያፏጫል።»

ነኢማ አሰበች። «ሁለቱም እግር?»

«ሁለቱም።»

«ይህን ሕግ ያወጣው ሰውዬ ብልህ ሚስት ነበረችው» አለችና ሻይ ልታፈላ ገባች። ከውስጥ ሆና ደግሞ «ፋሻውን እኔ ነኝ የማስረው! ማልያውም ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የሚታጠበው፣ ፍሬን ዘይት ሰልችቶኛል!» አለች።

ጁምዓ ደረሰ፤ ግጥሚያው እንደገና ከሼክ ኑር ቡድን ጋር ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ማልያዬ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ፣ ሰማያዊው ወንበር ላይ ተሰየምኩ። ታክሲዎቹ ከኋላዬ ናቸው። ሙክታር በሶማልኛ ነው የሚጮኸው፤ ምስጢራችን ስላለቀ አማርኛውን ትተነዋል። ረጅም ጊዜ ኳስ አልወጣችም። ሰው ኳስ እንድትወጣ ዱዓ ሲያደርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አደረግኩ። በመጨረሻ ሰኢድ፣ ሆን ብሎ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩትም፣ ኳሷን በቀጥታ ወደኔ አወጣት።

ተነሳሁ። ኳሷን ያዝኩ። አቧራዋን በማልያዬ ጠረግኩ። ከሜዳው ወዲያ ጫፍ ሙክታር እጁን አንስቶ ጠራኝ፤ በልጅነት ስሜ ጠራኝ፣ ደቻቱ ላይ ይጠራኝ በነበረው። ከራሴ በላይ አነሳኋት፣ ወደ ኋላ ተለጠጥኩ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኳት። ኳሷ ሄደች፣ እንዴት ያለ አካሄድ መሰላችሁ፣ ከተከላካዮቹ ሁሉ ራስ በላይ። ሙክታር ኮፍያውን አውልቆ በዚያ መላጣው አገኛትና መረብ ውስጥ ገባች። የሆንኩትን አላውቅም፣ ብቻ እጮኻለሁ።

ዳኛው አፏጨ። ግቡ አልጸደቀም። እጁን ወደኔ ዘርግቶ እግሬን አሳየ። ስወረውር ዘልያለሁ። ያ የማይታጠፍ፣ ሐኪም የፈረደበት፣ ነኢማ በእጇ ያሰረችው እግሬ፣ አንድ ነገር እንዳያደርግ ብቻ ተለምኖ፣ ከደስታው ብዛት ከመሬት ተነስቷል።

ሙክታር ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለው። ሰኢድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከኋላዬ ታክሲዎቹ በሙሉ ጥሩምባቸውን ለቀቁትና «ኩርሲሌ! ፈዲሶ!» እያሉ ጮኹ።

«አቤት» አልኩና ተቀመጥኩ።